ቡችላን በክረምት ቤት ውስጥ ለአጂሊቲ ማዘጋጀት፦ ከወሎ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሐምሌ ሲገባ ከደሴም ከኩታበርም ከወረኢሉም የሚመጣው ጥያቄ ተመሳሳይ ነው። ግቢው ጨቅይቷል፣ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ቶሎ አይነሣም፣ ቡችላው ደግሞ ጉልበቱን የሚያወጣበት አጥቶ ጫማ ያኝካል። እንግዲህ እስከ መስከረም ምን ይደረግ? ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ዕድሜያቸው ከሦስት ወር እስከ አንድ ዓመት ተኩል ለሆኑ ውሾች ባለቤቶች የተጻፉ ናቸው። እምነቴን ከወዲሁ ልናገር፤ ክረምት ለወጣት ውሻ የሚባክን ጊዜ አይደለም። በዚህ ዕድሜ ሊማር ለሚገባው ነገር አንድ ክፍልና አንድ ኮሪደር ይበቃሉ። ሰፊ ሜዳ የሚጠይቀው ከፍ ያለ ዝላይና ፈጣን ሩጫ ደግሞ ገና ያልደረሰበት ነው።

አጂሊቲ ምን ዓይነት ስፖርት ነው?

ውሻ ያለ ማሰሪያ እየሮጠ፣ ባለቤቱ በድምፅና በሰውነቱ እንቅስቃሴ እየመራው፣ በቅደም ተከተል የቆሙ መሰናክሎችን ሳይሳሳት በአጭር ጊዜ የሚያልፍበት ውድድር ነው። የተጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1978 ያኔ ለንደን ውስጥ ይካሄድ በነበረው፣ ክራፍትስ በተባለው ታላቅ የውሻ ትርዒት ላይ ነው፤ ያኔ የቀረበው በፕሮግራሞች መካከል ተመልካቹን ለማዝናናት ሲሆን መነሻ ያደረገውም የፈረስ ዝላይን ነበር። ከመሰናክሎቹ መካከል የሚዘለሉ አግዳሚ ዘንጎች፣ ውሻው ውስጡን ሮጦ የሚያልፍበት ዋሻ፣ በ60 ሴንቲ ሜትር ርቀት የተተከሉና ውሻው እየተጥመለመለ የሚያልፍባቸው 12 ቋሚ ዘንጎች፣ ከፍ ብሎ የተሠራ ጠባብ ድልድይ፣ በጣራ ቅርጽ የተጋጠሙ ሁለት ሰሌዳዎች፣ እንዲሁም መሃሉ ላይ ተደግፎ ወዲህና ወዲያ የሚያጋድል ጣውላ ይገኙበታል።

ባለቤቱ በውድድሩ ላይ ውሻውንም ሆነ መሰናክሉን መንካት አይፈቀድለትም። ስለዚህ ውሻው የሚከተለን መከተል ስለሚወድ ብቻ ነው። ያ ፍቅር ደግሞ የሚገነባው ሜዳ ላይ ከመውጣቱ በፊት፣ ሳሎን ውስጥ ነው።

የሀገራችን ውሻ ይችላል? ወይስ የውጭ ዝርያ መግዛት አለብኝ?

ይችላል። የሀገራችን ውሻ ቀጭን፣ ቀላልና ንቁ ነው፤ ለዚህ ስፖርት ከዚህ የተሻለ ቁመና መመኘት ይከብዳል። ልብ ሊሉት የሚገባው ግን ብዙዎቹ ከትውልድ ወደ ትውልድ ለጥበቃ ሲያገለግሉ የቆዩ መሆናቸውን ነው። እንግዳ ነገር ሲያዩ ይጠራጠራሉ፤ አዲስ ዕቃ ፊታቸው ሲቀመጥ ያጉረመርማሉ ወይም ዞረው ይሄዳሉ። ጊዜ ይስጧቸው። ከጀርመን ሼፐርድ ጋር የተዳቀሉት ደግሞ ቶሎ ይለምዳሉ፤ ነገር ግን ሰውነታቸው ከባድ ስለሆነና ዕድገታቸውም ዘግይቶ ስለሚያበቃ የዳሌና የክርን መገጣጠሚያቸውን አብዝተው ይጠብቁላቸው።

ኢንተርኔት ላይ ያለው ትምህርት የሚያወራው ስለ ታኅሣሥ በረዶ ነው። ለእኛ ይሠራል?

ልምምዱ ይሠራል፣ ሁኔታው ይለያል። እዚያ ውሻን ቤት የሚያስቀረው በረዶና የቀኑ ማጠር ነው፤ እዚህ ዝናብና ጭቃ ነው። በልግ በሚዘንብባቸው የወሎ ደጋማ ወረዳዎች ደግሞ ከየካቲት ጀምሮም ጭቃ አይጠፋም፤ ይህ ሁሉ እንግዲህ በዓመት ሁለት ጊዜ ያገለግላችኋል ማለት ነው። ከኅዳር እስከ ጥር በውርጩ ጊዜም ቢሆን ጠዋት ጠዋት ቤት ውስጥ ጥቂት አራምዶና ሰውነቱን አሙቆ መውጣት ይጠቅማል።

ከስንት ወሩ ጀምሮ መዝለል ይችላል?

በጣም የሚጠየቀውም፣ በጣም የሚያሳስበኝም ይህ ነው።

የወጣት ውሻ የእግር አጥንቶች የሚረዝሙት ጫፋቸው አካባቢ ካለ ለስላሳ ክፍል ነው። ይህ ክፍል የሚጠነክረው ዕድገቱ ሲያበቃ ነው፤ በትናንሽ ውሾች በ9 እና በ12 ወር መካከል፣ በትላልቆቹ ደግሞ እስከ 18 ወር ድረስ ይዘገያል። ከዚያ በፊት በተደጋጋሚ ዝላይ ወይም በአንድ መጥፎ አወዳደቅ ከተጎዳ እግሩ ጠምሞ ሊያድግ፣ ውሻው ዕድሜውን ሙሉ ሊያነክስ ይችላል። ዓለም አቀፉ የውሻ ማኅበራት ፌዴሬሽን፣ ኤፍሲአይ፣ ከ18 ወር በታች የሆነ ውሻ በአጂሊቲ ውድድር እንዳይሳተፍ የሚከለክለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ቤት ውስጥ ይህ ምን ማለት ነው? ዘንጉ መሬት ላይ ይቀመጥ፤ ቢበዛ ከፊት እግሩ የታችኛው አንጓ ከፍ አይበል። ደረጃ በሩጫ አይውረድ። ከሶፋና ከአልጋ እንዲዘል አይጋበዝ። ቋሚ ዘንጎችን በፍጥነት እየተጥመለመለ ማለፍም ወገቡን ስለሚያስጨንቀው ይቆይ፤ በሁለት ዘንጎች መካከል በእርጋታ መራመድ ግን ችግር የለውም።

«ራሱ አጥር ዘሎ ይሄድ የለም ወይ?» የሚሉኝ አሉ። ቡችላ በራሱ ፈቃድ ሲጫወት ሲደክመው ያቆማል። እኛ ግን ሥጋ ይዘን «ዝለል፣ ድገም፣ ድገም» ስንለው ቢያመውም ይደግመዋል። ጉዳቱ ያለው ድግግሙ ላይ ነው። እባካችሁ አንድ ዓመት መታገሥ አያቅታችሁ።

ቤቴ ጠባብ ነው። ምን ያህል ቦታ ያስፈልጋል?

ሁለት በሦስት ሜትር ይበቃል። ጠረጴዛውን ወደ ግድግዳ ጠጋ ያድርጉት፣ የረከቦቱን ዕቃ ያንሡ፣ ከሰል ካለ ያውጡት።

ወለላችን ሊሾ ነው፤ ቡችላው ይንሸራተታል።

ከወለሉ ሳይጀምሩ ምንም አይጀምሩ። የተንሸራተተ ቡችላ ጡንቻው ሊሳብ ይችላል፤ ከዚያም በላይ መሬቱን ማመን ያቆማል። ወለሉን የማያምን ውሻ በኋላ ድልድዩ ላይ አይወጣም። ሴራሚክም ሊሾም ላይ ያው ነው።

ከባድ ዝተት ካለዎት ከሁሉም ይሻላል፤ በክብደቱ መሬቱን ይይዛል። ሰሌን ግን ብቻውን ሲነጠፍ ራሱ ይንሸራተታል፤ ስለዚህ ከሥሩ ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጡ ጎማዎችን በአራቱም ጥግና በመሃሉ ያድርጉ። በእጅዎ ገፋ ያድርጉት፤ ከተንቀሳቀሰ ለውሻውም ይንቀሳቀሳል። ኬሻ የሚጠቀሙ ከሆነ የተፈታ ክር ጥፍሩን እንዳይዘው ጠርዙን ይስፉት።

ከዚያ እግሩን ይመልከቱ። ሲራመድ ጥፍሩ ወለሉ ላይ ቀጭ ቀጭ የሚል ከሆነ ረዝሟል፤ መቆረጥ አለበት። ጫፍ ጫፉን ብቻ ይቁረጡ፤ ውስጥ ያለው ደም ሥር ከተነካ ይደማል፣ ሁለተኛም እግሩን አይሰጥዎትም። በጣቶቹ መካከል ያደገውንም ጸጉር ከመዳፉ ጋር እኩል አድርገው ይከርክሙት።

ዕቃ ከየት ላምጣ?

ከቤትና ከግቢ። ቀጥ ያለ ቀጭን የባሕር ዛፍ ዘንግ ልጡ ተልጦ ለአግዳሚነት ይሆናል፤ ወሎ ውስጥ ይህን የሚያጣ ቤት ጥቂት ነው። ዘንጉን ለማስቀመጥ ሁለት የተደፉ የፕላስቲክ ኩባያዎች ይበቃሉ። አንድ ነገር ብቻ አጥብቀው ይያዙ፦ ዘንጉ ፈጽሞ አይታሰር፣ አይቸንከር። እግሩ ሲነካው ወዲያው መውደቅ አለበት።

ውሃ የተሞላ ጀሪካን ለመዞሪያ፣ ዝቅተኛ ዱካ ለመቆሚያ፣ የእንጨት መሰላል መሬት ላይ ተጋድሞ ለእግር ልምምድ፣ ሁለቱም ጫፉ የተከፈተ ትልቅ ካርቶን ወይም ብርድ ልብስ የለበሱ ወንበሮች ለዋሻነት ያገለግላሉ። ለሚያጋድለው ጣውላ መለማመጃ ደግሞ ግማሽ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ሳንቃ ይፈልጉና ከሥሩ የተጠቀለለ ፎጣ ያድርጉ። ሚስማር፣ ስንጥር፣ የተቆረጠ ቆርቆሮ እንዳይኖር በእጅዎ መዳፍ እያሻሹ ይፈትሹ። የመኪና ጎማን ለዝላይ ማንጠልጠል ግን ተዉት፤ ከባድ ነው፣ ገና ለወጣት ውሻም አይደለም።

ታዲያ ክረምቱን ምን ላስተምረው?

መጀመሪያ አንድ አጭር የማመስገኛ ቃል ይምረጡ። «ጎሽ» በጣም ጥሩ ናት። ውሻው የፈለጉትን ነገር ባደረገበት ቅጽበት «ጎሽ» ይበሉ፣ ከዚያ ሽልማቱን ይስጡ። ቃሏ ሁልጊዜ ሽልማት ካስከተለች ውሻው በየትኛው ሥራው እንደተሸለመ በትክክል ያውቃል። ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ቃል ይስማማ፤ እናት «ና»፣ ልጅ «ምጣ»፣ አያት «ወዲህ» እያሉ አንዱን ቡችላ ግራ አያጋቡት።

ከዚያ መሰላሉ። መሬት ላይ አጋድመው ውሻውን ከጎንዎ አድርገው ቀስ ብለው ያራምዱት፤ ሽልማቱን ከአፍንጫው ፊት ዝቅ አድርገው ይያዙ። የሚያዩት ነገር ደስ ይላል። የፊት እግሮቹን እያየ በጥንቃቄ ያሻግራቸዋል፤ የኋላዎቹ ግን ተከትለው ሲመጡ እንጨቱን ይመታሉ፣ አንዳንዴም አንዱ እግር ውጭ ይቀራል፣ ውሻውም ዞሮ «ይህ የማን ነው?» በሚል ዓይን ያየዋል። ወጣት ውሻ የኋላ እግሮቹን የት እንደሚያሳርፍ ገና አያውቅም። ድልድዩ ላይ የሚወድቀውም፣ ዘንግ የሚጥለውም በዚሁ ምክንያት ነው። አይጎትቱት፣ አያቻኩሉት። አንድ ቀን አራቱም እግሮች ምንም ሳይነኩ በተራ ሲያልፉ ያያሉ። ከዚህ የበለጠ የሚክስ ልምምድ አላውቅም።

ቀጥሎ ዱካው። የፊት እግሮቹን ብቻ እንዲያወጣበት ያድርጉ፤ ቁመቱ ከ15 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ። እዚያው እንደቆመ እርስዎ በዙሪያው አንድ እርምጃ ይሂዱ። ሊያይዎት ሲል የኋላ እግሮቹን ወደ ጎን ያንቀሳቅሳል። ጎሽ! ጥቂት በጥቂት ዱካውን ሙሉ ዙር እስኪዞር ያድርሱት፤ በግራም በቀኝም እኩል ይሥሩ። አንድ ወገን ብቻ የለመደ ውሻ ሰውነቱ ወደዚያው ያደላል።

ጀሪካኑ መታጠፍ ያስተምራል። ዕቃውን እንዲዞር በእጅዎ ይምሩት፤ ሲለምደው እጅዎን እያራቁ ይሂዱ፣ በመጨረሻ ከሁለት ሜትር ርቀት «ዙር» ሲሉት ሄዶ ዞሮ ይመለሳል። ሜዳ ላይ አግዳሚ ዘንግ ሲዘል የሚጠቀምበት መታጠፍ ይኸው ነው፤ አሁን ያለ ዝላይ ተማረው ማለት ነው።

ዋሻው ብዙ አያስቸግርም፤ ቡችላ ቀዳዳ ይወዳል። የካርቶኑ ርዝመት መጀመሪያ አጭር ይሁን፤ በሌላው ጫፍ ዝቅ ብለው ዓይኑን እያዩ ይጥሩት። የሚያጋድለው ሳንቃ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። መጀመሪያ ሳንቃውን ያለ ፎጣው መሬት ላይ አስቀምጠው እንዲረግጠው ያድርጉ፤ ከቀናት በኋላ ፎጣውን ከሥሩ ይክተቱ። ሲያጋድል ወለሉን ኳ ያደርጋል። ያን ድምፅ ራሱ ሲያመጣው፣ ድምፁም ሥጋ ሲያስከትል፣ ፍርሃቱ ወደ ጨዋታ ይለወጣል።

መጠበቅንም አይርሱ። በውድድር መነሻ ላይ ውሻው ብቻውን ተቀምጦ ባለቤቱ ወደፊት መሄድ ይችላል፤ ይህን የቻለ ሰው ብዙ አተረፈ። ማስተማሪያው በር ነው። ወደ ግቢ ከመውጣቱ በፊት «ቆይ» ይበሉት፣ በሩን ትንሽ ይክፈቱ፤ ከተነሣ በሩ ይዘጋል፣ ከተቀመጠ ይከፈታል። ያለ ቁጣ ያለ ጩኸት በቀን ብዙ ጊዜ የሚገኝ ትምህርት ነው።

በቀን ስንት ደቂቃ?

ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ፣ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ። ገና ሲፈልግ ያቁሙ።

ለሽልማት ምን ልስጠው? በፍልሰታስ?

የአተር ፍሬ የምታክል ለስላሳ ነገር፣ ቶሎ የምትዋጥ። የተቀቀለ ጉበት፣ ጨው የሌለው የተቀቀለ ሥጋ፣ የተቀቀለ እንቁላል። የሰጡትን ያህል ከዕለት ምግቡ ይቀንሱ፤ ክረምት ላይ የሚወፍር ውሻ ብዙ ነው፣ ክብደቱ ደግሞ የሚያርፈው በመገጣጠሚያው ላይ ነው።

በፍልሰታ፣ ከነሐሴ 1 ጀምሮ፣ በሚጾም ቤት ውስጥ ሥጋ መቀቀል የማይመች ከሆነ የተቀቀለ ድንች፣ ካሮትና ዱባ ብዙ ቡችሎች ይወዳሉ። ደሴ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ከተማ ስለሆነች ጉበት ከሙስሊም ሥጋ ቤት በጾምም ይገኛል፤ ለውሻው የተለየ ብረት ድስት ይኑር፣ ከጓዳ ውጭም ይቀቀል፤ እናቶችም ቅር አይላቸውም።

ጉበትና ሳንባ በጥሬው ፈጽሞ አይስጡ። በበጎችና በከብቶች ጉበትና ሳንባ ላይ የሚታየው ውሃ የቋጠረ እባጭ በውሻ ሆድ ውስጥ የኮሶ ትል ዓይነት ይሆናል፤ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ወጥቶ በእጅና በምግብ ወደ ሰው ይገባል፤ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይም ያንኑ እባጭ ያበቅላል። ለበዓል በግ ሲታረድ ለውሻ የሚወረወረው አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው። በደንብ ይቀቀል፣ እባጭ ያለበት ይቀበር።

ወጥ አይስጡ። በርበሬው ብቻ አይደለም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያጠፋሉ። የቡና አተላና ቸኮሌትም ይመርዙታል፤ ጀበናው ሲነሣ አተላው ቡችላው በሚደርስበት አይደፋ። የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ይሰነጠርና አንጀት ይወጋል።

ቤተሰቤ ሙስሊም ነው፤ ውሻ ወደ ቤት አይገባም። ምን ላድርግ?

የቤተሰብዎን ሥርዓት አክብረው መሥራት ይችላሉ። ለጥበቃና ለከብት ውሻ ማኖር የተፈቀደ ነው፤ ጥንቃቄው ምራቁ ላይ ነው፤ በሐዲስ እንደተነገረው ውሻ የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ ይታጠባል። ስለዚህ ልምምዱን በረንዳ ላይ፣ በመጋዘን፣ ወይም የእንጨት ማስቀመጫው ጣራ ሥር ያድርጉት፤ ዝናብ የማያስገባ ሸራ በአንድ ወገን ቢወጠር በቂ ነው። ለሥልጠና ብቻ የሚለብሱት ልብስ ይኑርዎት፣ ሳህኑ ከቤቱ ዕቃ ፈጽሞ አይቀላቀል፣ ሰጋጃ ያለበት ክፍል አይቅረብ። ዝርዝሩን ለሚያምኗቸው ሼኽ ይጠይቁ። ከላይ ከጻፍኩት ልምምድ በረንዳ ላይ የማይሠራ አንድም የለም፤ እንዲያውም በረንዳ ላይ ያደገ ቡችላ የመንገዱን ድምፅ ለምዶ ያድጋል።

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ወይም ነጎድጓድ ሲሆን አልጋ ሥር ይገባል። ሥልጠናውን ላቋርጥ?

በዚያች ሰዓት አዎ፣ ያቋርጡ። የፈራ ውሻ አይማርም። በረዶ ጣራውን ሲደበድበው እኛም እርስ በርስ አንሰማማም፤ የውሻ ጆሮ ደግሞ ከእኛ በጣም የላቀ ነው። ጆሮው ወደ ኋላ ተኝቶ፣ ጭራው ከሆዱ ሥር ገብቶ፣ ሳይሞቀው ሲያለከልክ ካዩ ፈርቷል ማለት ነው። ከተደበቀበት አይጎትቱት። አብረውት ይቀመጡ፤ ከፈለገ ይጠጋዎት፣ ያሻሹት። «ብታባብለው ፍርሃት ታስተምረዋለህ» የሚለው አባባል ልክ አይደለም፤ መጽናናት ፍርሃትን አይጨምርም።

ሥራው የሚሠራው ዝናቡ ሲያካፋ ነው። ጠብታው በቆርቆሮው ላይ ገና ቀስ ሲል ጥቂት ጉበት ወለሉ ላይ ይበትኑለት፣ እያሸተተ ይልቀም። ዝናብ ሲጀምር መልካም ነገር ይመጣል የሚለውን ደጋግሞ ካየ፣ ድምፁ ከፍ ሲልም የሚቋቋምበት አቅም ያገኛል። ልጆች የድስት ክዳን ከሌላ ክፍል ቀስ አድርገው እንዲያጋጩ ማድረግም ይረዳል፤ ቀስ ያልኩት ከልቤ ነው።

ቀኑን አስቀድመው ያውቁታልና ለቡሄ ይዘጋጁ። ነሐሴ 13 አካባቢ የጅራፍ ጩኸት ሰፈሩን ይሞላል፤ ጅራፉ ሲጮኽ በሩ ክፍት ከሆነ ቡችላ ወጥቶ ይሮጣል፣ አንዳንዱም አይመለስም። በእነዚያ ቀናት ውስጥ ያቆዩት፣ ማሰሪያውን ይፈትሹ። ለዘመን መለወጫ ርችትም እንዲሁ።

አንዳንዴ ካልመቱት ይሰማል?

አይምቱት። በዱላ የተማረ ውሻ ይታዘዝ ይሆናል፤ ከፊትዎ በሙሉ ፍጥነት አይሮጥም። ፍጥነት የሚመጣው ከደስታ ነው፤ እጅዎን የሚሰጋ ውሻ ደግሞ በታጠፈ ቁጥር አንድ ዓይኑን ወደ እጅዎ ያደርጋል። ስህተት ሲሠራ ዝም ይበሉ፣ ሽልማቱን ያስቀሩ፣ ልምምዱን ቀለል አድርገው ይድገሙት። ሦስት ጊዜ በተከታታይ ከተሳሳተ ጥያቄው ከብዶታል፤ የሚስተካከለው የእኛ አሰጣጥ ነው።

ጭቃና እርጥበቱስ?

ከውጭ ሲገባ እግሩን ለብ ባለ ውሃ ያጥቡት፣ በጣቶቹ መካከል ሳይቀር ያድርቁት። ርጥብ ሆኖ የሚቆይ መዳፍ ይላላጣል፣ ይቆስላል። ጆሮውን ገልጠው ያሽቱ፤ መጥፎ ሽታ ካለ ወደ ሐኪም ይውሰዱት። መዥገርና ቁንጫ በብብቱ፣ በአንገቱና በጆሮው ሥር ይፈልጉ። የመንገድ ኩሬ አያጠጡት፤ አይጥ የሸናበት ውሃ ሌፕቶስፓይሮሲስ የተባለ፣ ሰውንም የሚይዝ በሽታ ያስተላልፋል።

ለማድረቅ ብለው በተዘጋ ክፍል ከሰል አጠገብ አያስተኙት። ከሰል የሚለቀው ሽታ የሌለው ጋዝ ሰውንም ውሻንም ይገድላል። ፎጣና ደረቅ ኬሻ ይበቃሉ።

ክትባቱ ሳያልቅ ማሠልጠን እችላለሁ?

ቤት ውስጥ፣ አዎ፤ የቤት ውስጥ ሥልጠና አንዱ ጥቅሙም ይህ ነው። ሌሎች ውሾች የሚያዘወትሩበት ቦታ ግን ክትባቱ እስኪሟላ ይቆይ፤ ፓርቮ የተባለው ተቅማጥ ያልተከተበ ቡችላን በጥቂት ቀናት ይገድላል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በሦስት ወሩ ይሰጣል፣ ከዚያም ሐኪሙ በሚነግርዎት ጊዜ ይደገማል። የትል መድኃኒትም አይዝለሉ።

ልጆች አብረው የሚያሠለጥኑ ከሆነ ይህን ይወቁ፦ የማይታወቅ ወይም ያልተከተበ ውሻ ከነከሰ፣ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ ሳይዘገዩ ጤና ተቋም መሄድ። ቁስሉ ትንሽ ነው ተብሎ አይታለፍም። የበሽታው ምልክት ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል።

እኔ ያለሁት ቆቦ ነው፤ እዚህ ብርዱ የለም።

ለእናንተ ጠላቱ ሙቀት ነው። ጎህ ሲቀድ ወይም ማታ ይሥሩ፣ ውሃ አጠገቡ ይኑር። ምላሱ ረዝሞ ጫፉ ሲሰፋ ያቁሙ።

ዝናቡ ሲያባራ ውጭ ላውጣው?

ያውጡት፤ ግን ለመሮጥ ሳይሆን ለማየትና ለማሽተት ይሁን። ርጥብ ሣርና ጭቃ ላይ በፍጥነት መታጠፍ ጉልበት ያጣምማል። ባጃጅ፣ ጃንጥላ፣ የተጫነ አህያ፣ ከመስጊድና ከቤተ ክርስቲያን የሚመጣ ድምፅ፤ ይህን ሁሉ በእርጋታ ያየ ቡችላ ነገ ሰው በበዛበት ሜዳ አይደነግጥም።

መስከረም ላይ ሜዳው ሲደርቅ ዘንጉን ከፍ ላድርገው?

ዕድሜውን ይቁጠሩ፤ የአየሩ መድረቅ ለአጥንቱ ምንም አይጨምርለትም። ዓመት ተኩል ካልሞላው ቤት ውስጥ የለመደውን ይዘው ወደ ሜዳ ይውጡ፦ ያው ጀሪካን፣ ያው ዋሻ፣ መሬት ላይ ያለው ያው ዘንግ፣ አሁን ግን በሩጫ። ዓመት ተኩል የሞላው ከሆነና ሐኪም መገጣጠሚያውን አይቶ ደህና ነው ካለ፣ ዘንጉን በጥቂት በጥቂት ከፍ ያድርጉ፤ እያንዳንዱን ከፍታ ሳይነካ፣ ሳያመነታ በተለያዩ ቀናት ካለፈው በኋላ ብቻ። ከልምምድ በኋላ ባለው ጠዋት ከመኝታው ሲነሣ አካሄዱን ይመልከቱ። አንዱን እግር ካነሣ፣ ካነከሰ ወይም ደረጃ ለመውጣት ካመነታ ሁለት ቀን ያሳርፉት፤ በሁለት ቀን ካልተሻለው ለእንስሳት ሐኪም ያሳዩት፣ ለሰው የሚሆን የሕመም ማስታገሻም አይስጡት፤ ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ውሻን ይመርዛሉ።